የራሳችን ያልናት

ጥቅምት 9

ለምወድሽ ታናሽ እህቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ሥራሽስ፣ እጅሽስ? ባለፈው የማጠቢያው መድኃኒት አቆሰለኝ ብለሽኝ ነበር። እኔ ደኅና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ከደረጃ ጋር ተጣልቷል። የማእከሉ ልጆች ደኅና ናቸው። ወጥ ቤቷ እንደ ልማዷ ከዘበኛው ጋር ተኳርፋ ታርቃለች። ይህን ሁሉ የምጽፍልሽ ሰላምታ ሳላስቀድም ወደ ነገር መግባት ስለማይሆንልኝ ነው እንጂ፣ አንቺ የጠበቅሽው ሰላምታዬን እንዳልሆነ አውቃለሁ።

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። እንዳልደውል ስላልሽኝ አልደወልኩም። «ስልክ ላይ ድምፅሽን ስሰማ ልጅነታችን ይመጣብኝና የምናገረው ይጠፋኛል፤ ጻፊልኝ» ያልሽው ገብቶኛል። እኔም ብሆን በአፌ የምለው የለኝም።

አዎ፣ እሷ ናት። ድንቢጥሽ ናት። ዐይንሽ አላታለለሽም፤ የምትመስላት ሌላ ልጅም አይደለችም። ዳቦ ቤቱ ባንኮኒ ላይ ፎቶዋን ያየሽበት የእርዳታ ሣጥን የእኛ ማእከል ሣጥን ነው። ካለፈው ዓመት ጀምሮ አንቺ ባለሽበት አገር አጋር ድርጅት አግኝተናል፤ ሣጥኖቹን በየሱቁ የሚያስቀምጡልን እነሱ ናቸው። አንቺ ከተማ ድረስ ይደርሳሉ ብዬ አልገመትኩም ብል እዋሻለሁ። የከተማሽ ስም በስብሰባ ላይ ሲጠራ ሰምቻለሁ። ሰምቼም ሻይ መቅዳቴን ቀጠልኩ።

«እንዴት እሷ?» ብለሻል። ባለቤቴ ማእከሉን ሲከፍት ያወጣውን ሕግ ታስታውሺ ይሆናል፤ በራሱ እጅ ግድግዳው ላይ ጽፎት ነበር። «የተረጂ ልጅ ፊት አይነሳም» ይላል። ዛሬ ከሰው እጅ የምትበላ ልጅ ነገ አድጋ ሰው ስትሆን፣ «አንቺ ያቺ የልመናዋ ፎቶ አይደለሽ?» ብሎ የሚያሸማቅቃት እንዳይኖር ብሎ ነው። የመጀመሪያው ለጋሽ ግን ለበራሪ ወረቀቱ የልጅ ፎቶ ካልላካችሁ አለ። እህሉ እያለቀ ነበር። ባለቤቴ ካሜራውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ግቢውን ሲዞር ዋለ፤ ወደ ማንኛዋም ልጅ ማንሣት አቃተው። በመጨረሻ ወጥ ቤት መጣና፣ «የሰው ልጅ ከማዋርድ የራሳችን አለች አይደል?» አለኝ። እኔም አለች አልኩት።

ክፉ ለመሥራት አልነበረም። ይህን የምልሽ እንድትቀበዪኝ አይደለም።

የጠየቅሽኝን አደርጋለሁ። የገንዘብ ማሰባሰቢያው ሳምንት የካቲት ላይ ነው፤ አዲሱ ፖስተርና የሣጥኖቹ ወረቀት ጥር ላይ ይታተማል። ከዚያ በፊት ፊቷ ከሁሉም ቦታ እንዲነሣ ሥራ አስኪያጁን እጠይቀዋለሁ። እንቢ ካለኝ ወደ ቦርዱ እሄዳለሁ።

እጅሽን ቅባት ቀቢው።

እትዬሽ

ኅዳር 3

እትዬ፣

እኔም ደኅና ነኝ። ሰላምታው ይበቃናል።

ሣጥኑን እንዴት እንዳየሁት አልነገርኩሽም ነበርና ልንገርሽ። ከሥራ ስወጣ ሁልጊዜ የምገባበት ዳቦ ቤት ነው። ሻጩ ቀልደኛ ሽማግሌ ነው፤ «ዛሬስ የስንት ሆስፒታል አንሶላ አጠብሽ?» ይለኛል። ያን ቀን መልስ ሲሰጠኝ ሳንቲሞቹን እጄ ላይ አላስቀመጣቸውም። «ለጽድቅ ይሁንልሽ» ብሎ አጠገቡ ያለው ሣጥን ውስጥ ጣላቸው። ቀና ብዬ ሣጥኑን ያየሁት ያኔ ነው። ለልጄ መጽውቼ ወጣሁ ማለት ነው።

ከፎቶዋ ሥር በዚህ አገር ቋንቋ፣ «እናቴን እየጠበቅሁ ነው» ይላል። ቋንቋውን ለመማር ያየሁትን አበሳ ታውቂያለሽ። ሥራ ለማግኘት ይመስለኝ ነበር። ያቺን አንድ መስመር ለማንበብ እንደነበር አላወቅሁም።

«የራሳችን አለች» አለ ነው የምትይኝ? መቼ ነው የራሳችሁ የሆነችው? እጇን አስይዤሽ ስወጣ ምን ብዬሽ ነበር? አደራ ነው ያልኩሽ። እናንተ ለሰው ልጅ ክብር ስታስቡ ያዋረዳችሁት የእኔን ነው። አደራ በላ የሚለውን ስድብ በእህቴ ላይ አላወጣም። ግን ሌላ ቃል ፈልጌ ፈልጌ አጣሁ።

«ትንሽ ብርድ ነው የያዛት፣ አታስቢ» ብለሽ የጻፍሽልኝ ደብዳቤ እስከ ዛሬ አለኝ። አሠሪዬን ፈቃድ እንዳልጠይቅ ያደረገኝ እሱ ነው። ከእሱ ቀጥሎ የመጣው ደብዳቤሽ ምን እንደያዘ ሁለታችንም እናውቃለን። ያንን ይቅር ብዬሻለሁ ብዬ ነበር፤ ብዬም ነበር የኖርኩት። አሁን እንደገና ልጠይቅሽ ነው መሰለኝ።

ሁለት ነገር ንገሪኝ። አንደኛ፣ ጫማዋ የታለ? ቀይ ጫማ ልኬላት ነበር፤ እግሯ ላይ ልክ እንደሆነም ጽፈሽልኛል። ፎቶው ላይ ባዶ እግሯን ናት። ሁለተኛ፣ ያን ቃል ማን ጻፈው? ሙት ወቃሽ አያድርገኝ፤ ባልሽ ከሆነ ግን እሱንም እወቅሰዋለሁ።

ታናሽሽ

ኅዳር 27

እህቴ፣

ሥራ አስኪያጁን አነጋገርኩት። ቀድሜ እሱን ልንገርሽ፤ የጠየቅሽኝን ወደ ኋላ አመጣዋለሁ። እየሸሸሁ ነው ብትዪም እውነትሽን ነው።

ሥራ አስኪያጃችን እዚሁ ያደገ ልጅ ነው። ወደ ማእከሉ የገባው ድንቢጥ ባረፈች በዓመቱ ስለሆነ አያውቃትም። ቢሮው ገብቼ ስነግረው ሳቅ አለና፣ «እማማ፣ ይህ ድርጅት የቆመው በሁለት ነገር ነው፤ በወጥ ቤታችን ሾርባና በዚያች ልጅ ዐይን። ሾርባው ሲቀጥን ሰው ይችለዋል» አለኝ።

«እናቷ አይታዋለች» አልኩት።

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «እናቷ አለች እንዴ?»

ምን ብዬ እንደመለስኩ አላስታውስም። እሱ ግን፣ «እኔኮ የሞተች ነበር የሚመስለኝ። ሁላችንም እንደዚያ ነው የምናስበው። ለእንግዶችም እንደዚያ እያልን ነው የምናስጎበኘው» አለኝ። ይህን ልጽፍልሽ አልፈለግሁም ነበር። ካሁን በኋላ ግን የምደብቅሽ ነገር እንዳይኖር ብዬ ነው።

ከዚያ እንዲህ አለኝ፤ «ስገባ አንገቴ እንደ ሸምበቆ ነበር፤ ያስታውሳሉ። የመጀመሪያውን ሳህን ያቀረበልኝ ያ ፎቶ ነው። አውርድ ሲሉኝ ከልጆቹ ፊት ሳህን አንሣ ያሉኝ ነው የሚመስለኝ። ለቦርዱ ግን አቀርባለሁ። እርስዎም ይምጡ።» አልጠላሁትም። አንቺም አትጥዪው።

አንድ ሌላ ነገር አለ። ፖስተሩ ከወጣ ጀምሮ አንዲት ልብስ ሰፊ ሴትዮ በየዓመቱ ቀሚስ ትልካለች። በሩቅ ያለች ለጋሽ ናት፤ አይተናት አናውቅም። ጥቅሉ ላይ «ደረጃው ላይ ለምትጠብቀዋ ልጅ» ብላ ትጽፋለች። በእኛ አሠራር ለአንድ ልጅ ተብሎ የመጣ ስጦታ ግምጃ ቤት ይገባና ለሚያስፈልገው ይታደላል፤ ልጆቹ እንዳይቀናኑ። ግምጃ ቤቷ እኔ ነኝ። ሴትዮዋ ታድጋለች ብላ ስለምታስብ ቀሚሱ በየዓመቱ ይረዝማል። እኔም ልክ የሚሆናትን ልጅ እፈልግና አለብሳታለሁ። ስለዚህ በየዓመቱ፣ ልክ እሷ ብትኖር በምትደርስበት ቁመት፣ አንዲት ልጅ ጀርባዋን ሰጥታኝ ግቢውን ታቋርጣለች። ዞር እስክትል ድረስ እቆማለሁ። ዞር ስትል ሌላ ናት።

የዘንድሮው ቀሚስ ወገብ አለው። የትልቅ ሴት ነው። ከልጆቹ ለማንም አይሆንም። ወጥ ቤቷ አነሣችና፣ «ለእኔ ስጪኝ፤ አንድ እግሬን አስገባበታለሁ፣ ለሌላው ከርሞ ትልክልኛለች» አለች። ልጆቹ ሳቁ። እኔ መልሼ ሰቀልኩት።

ለሴትዮዋ ምን ብለን እንደምንመልስ ብትጠይቂኝ፣ ለሁሉም ለጋሽ የሚላከው የምስጋና ካርድ ነው የሚላክላት። ፊቱ ላይ ያው ፎቶ አለ። «ስላሰባችሁን እናመሰግናለን» ይላል። አልዋሸንም፤ አልነገርንም እንጂ። ባለቤቴ ይህን መሸከም አቃተው። ፊቷ ያለበት ትልቁ ሰሌዳ አደባባዩ ላይ ከተሰቀለ በኋላ ወደ ሥራ የሚሄደው በቄራው በኩል ዞሮ ነበር፤ እስኪሞት ድረስ። እኔ በአደባባዩ ነው የማልፈው። አንድ ሰው ሊያያት ይገባል ብዬ።

እንግዲህ የጠየቅሽኝ። ጫማዋ በሙሉው ፎቶ ላይ ከደረጃው ሥር ነው ያለው፤ ቀዩ ነው፣ ጎን ለጎን ተደርጎ። ፎቶው ሲታተም ከታች ተቆረጠ። ከታተመው ውጭ ሆነ እንጂ እሷ ዘንድ ነበር።

ቃሉን ማንም አልጻፈው። ባለቤቴ ካሜራውን ሲያስተካክል እንዳትቅበጠበጥ ሊያጫውታት፣ «እዚህ ምን ትሠሪያለሽ አንቺ?» አላት። የመለሰችለት ነው። ለፎቶው ብላ የተናገረችው አይደለም። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሁልጊዜ እዚያ ደረጃ ላይ ነበር የምትቀመጠው፤ ከዚያ መንገዱ ስለሚታይ። ይህንን በጻፍኩልሽ ደብዳቤ ሁሉ ዘልዬዋለሁ።

እትዬሽ

ታኅሣሥ 20

እትዬ፣

ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ ዳቦ የምገዛበትን ሱቅ ቀየርኩ። አዲሱም ውስጥ አለች። መድኃኒት ቤቱም ውስጥ አለች። ትናንት በምሠራበት ሆስፒታል የታካሚዎች መቀበያ ጠረጴዛ ላይ አየኋት። ከእንግዲህ የት እሄዳለሁ?

የአንሶላ ክምር ፊት ለፊት ቆሜ ሳለሁ አብራኝ የምትሠራው ልጅ፣ «ምን ሆነሻል? አንድ አንሶላ ስንቴ ታጥፊያለሽ?» አለችኝ። እንኳንም ያገሬ ልጅ አልሆነች። ለእሷ ነገርኳት። ለእህቴ የማልነግረውን ለባዕድ ነገርኩ።

ከላይኛው ደረጃ ላይ ነው የምትቀመጠው ከታችኛው? ከታችኛው ከሆነ ክረምት ውሃ ያቆራል፤ አውቀዋለሁ እኮ ያን ግቢ። ልብሷ ይርስ ነበር? ማን ነበር ግቢ የሚላት? ወይስ ራሷ ሲደክማት ትገባ ነበር?

አትመልሺልኝ። ወይም መልሺልኝ። አላውቅም።

ሞታለች አሉኝ አይደል? እኔን። ለእንግዳ እያስጎበኙ። አሥር ጊዜ አነበብኩት፤ አልተናደድኩም። እውነታቸውን ነው የሚል ሐሳብ ነው የመጣብኝ፤ እሱ ነው ያስፈራኝ።

በመጀመሪያው ደብዳቤዬ አውርጂልኝ ያልኩሽ ለራሴ ብዬ ነበር፤ ሰው ልጄን እያየ ሳንቲም እንዳይወረውርባት። አሁን ግን ለእሷ ብዬ ነው የምለምንሽ። ይህን ሁሉ ዓመት በፀሐይም በዝናብም ተቀምጣለች። ደክሟታል፣ እትዬ። መሽቷል፣ ግቢ በያት።

ታናሽሽ

ጥር 18

እህቴ፣

ከላይኛው ነው። ከላይኛው ደረጃ ላይ ነበር፤ ውሃ አይደርስበትም። ግቢ የምላት እኔ ነበርኩ። አንዳንድ ቀን ትሰማኛለች፣ አንዳንድ ቀን «ትንሽ» ትለኛለች። እተዋት ነበር።

ቦርዱ ተሰበሰበ። እነማን እንደሆኑ እንድታውቂ፣ ሰብሳቢዋ ጡረታ የወጡ የጥርስ ሐኪም ናቸው፤ ደግ ሰው ናቸው፣ ሲናገሩ ግን አፍሽን ክፈቺ የሚሉሽ ይመስላል። የሒሳብ ሠራተኛው አለ፣ ሥራ አስኪያጁ አለ፣ ከለጋሾች የተወከሉ ሁለት ሰዎች አሉ። እኔ በር አጠገብ ተቀመጥኩ።

ሰብሳቢዋ፣ «ሐዘናችሁ ይገባኛል። ነገር ግን ይህ ፎቶ አሁን የአንድ ልጅ ፎቶ አይደለም። የድርጅቱ ነው» አሉ።

«ለድርጅቱ የሰጠው ማን ነው?» አልኩ። ድምፄን እንደዚያ ከፍ አድርጌ አላውቅም፤ ራሴን አስደነገጥኩት።

«ባለቤትዎ ናቸዋ። መሥራቹ።»

«እሱ ከማን ተቀበለው?»

 የሒሳብ ሠራተኛው ግን ዝም ማለት ስለማይችል ወረቀቱን አገላብጦ እውነቱን አስቀመጠው። ሰው የሚሰጠው ለፊቷ ነው፤ ፊቷ ከተነሣ የሚገባው ይቀንሳል፤ ከቀነሰ መጀመሪያ የሚቆረጠው ልጆቹ ማታ ወደየቤታቸው ይዘውት የሚሄዱት ዳቦ ነው፣ ቀጥሎ ከሞግዚቶቹ አንዷ ናት። አልዋሸም። ይህን አንቺም ማወቅ አለብሽ፤ የጠየቅሽኝ ነገር ዋጋ አለው፣ የሚከፍሉትም እኔና አንቺ አይደለንም።

ያኔ ሥራ አስኪያጁ ተነሣ። ከእኔ ወገን ይቆማል ብዬ አልጠበቅሁም። «በዚህ ፎቶ ያደግሁት ከዚህ ክፍል ውስጥ እኔ ብቻ ነኝ» አለ። «እናቷ መኖሯን ከሰማሁ ጀምሮ ግን ለእንግዳ ሳስጎበኝ አፌ ይያዛል። የሌላ ልጅ ፊት ፈልገን እንቀይረው።» በዚህ ተስማሙ። ሰብሳቢዋም ደስ አላቸው፤ መፍትሔ መሰላቸው። የባለቤቴ ሕግ ግድግዳው ሲታደስ አብሮ ስለተቀባ ያስታወሰው የለም። እኔም አላስታወስኳቸውም። ፊቷ ሊነሣ ነው፤ የሰማሁት እሱን ብቻ ነበር። ለአንቺ የምጽፈውን እያሰብኩ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

የመረጧት በቅርቡ የገባች ትንሽ ልጅ ናት። እናቷ ሆስፒታል ተኝታለች። ፎቶ አንሺው መጣ፣ ያንኑ ደረጃ መረጠ፤ ብርሃኑ ጥሩ ነው አለ። ልጅቷን እንዳዘጋጅ እኔን ጠሩኝ። ማን እንደ እኔ ያውቅበታል? እጇን ይዤ ወሰድኳት። ለፍላፊ ናት፤ «እማማ፣ ምን ልሁን?» አለችኝ። ፎቶ አንሺው፣ «ዝም ብላ ትዘን ይበሏት፣ እማማ» አለ። ልጅቷ ጫማዋን ማውለቅ ጀመረች። ማንም አላዘዛትም። ከየት እንዳየችው አላውቅም፤ በየግድግዳው ካለው ነው መሰለኝ።

«አጥልቂው» አልኳት። «ሂጂ ወጥ ቤት፣ ዳቦ ይሰጡሻል።»

ከዚያ እዚያው ደረጃ ላይ ራሴ ተቀመጥኩ። ጉልበቴ እንቢ ሲለኝ በግድግዳው ተደግፌ።

ፎቶ አንሺው ሳቀ። «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ለአሮጊት ማን ይሰጣል?»

«አንሣኝ ብዬሃለሁ።»

«ቦርዱ ያዘዘኝ ልጅ ነው።»

«ለቦርዱ ልጅ ጠፋ በላቸው።»

ወጥ ቤቷ በመስኮት አንገቷን አውጥታ፣ «አንሣት እንጂ! ከሥሩም ‹ደመወዟን እየጠበቀች ነው› ብለህ ጻፍበት!» ብላ ጮኸች። ዘበኛው ሳይቀር ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እሱም እየሳቀ አነሣ፣ ከዚያም ሳቁ ሲያልፍ አነሣ። የቱን እንደወሰደ አላውቅም።

ሥራ አስኪያጁ ፎቶውን ደጋግሞ አየው። በመጨረሻ፣ «ከሥሩ ምን ብለን እንጻፍ?» አለኝ። ምንም አትጻፉ አልኩት። ቦርዱን እንዴት እንዳሳመነ አልነገረኝም፤ አልጠየቅሁትም።

እትዬሽ

ሚያዝያ 6

እህቴ፣

መልስሽ ባይመጣም እጽፋለሁ። ፖስታው ዘግይቶ ይሆናል። አንቺም ዝም ማለትሽ ይሆናል።

ወርዳለች። ከሣጥኖቹ፣ ከካርዶቹ፣ ከቢሮው ግድግዳ። በእናንተ በኩል ያሉትንም አጋሮቻችን አንድ በአንድ እየቀየሩ ነው፤ እስኪዳረስ ጊዜ ይወስዳል ብለዋል፤ ታገሺያቸው።

የሒሳብ ሠራተኛው እንዳለው ሆነ። በማሰባሰቢያው ሳምንት የገባው ከወትሮው በጣም ያነሰ ነው። የማታው ዳቦ ቀርቷል። የተቀነሰችው ሞግዚት ስትሰናበተኝ እጄን ስማ፣ «እርስዎ ምን ያድርጉ» አለችኝ፤ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ወጥ ቤቷ ግን አትምርም። ሾርባውን በውሃ ስታበዛ፣ «ፊትሽ ብዙ አያበላም፣ እቴ» ትለኛለች። እሷ ስትለኝ ይቀለኛል። ሥራ አስኪያጁ አዳዲስ በሮች ያንኳኳል፤ የዳቦ ፋብሪካ ባለቤት ለምኖ የተረፈውን ሊሰጠን ነው መሰለኝ። መሰለኝ ነው የምልሽ፤ ገና በእጃችን አልገባም።

ለልብስ ሰፊዋ ሴትዮ ጻፍኩላት። ካርድ አይደለም፤ ደብዳቤ። ልጅቷ ያረፈችው ገና በልጅነቷ እንደሆነ፣ ቀሚሶቹን የለበሷቸው እነማን እንደሆኑ፣ እናቷም በሕይወት እንዳለች። እስካሁን አልመለሰችም። ትመልሳለች ብዬም አልጠብቅም። እኔ እንደገደልኳት አድርጌ ነው የጻፍኩት፤ ለሷ እንደዚያው ነው፤ እስካለፈው ወር ድረስ ቀሚስ የሚለካላት ልጅ ነበረቻት።

አንድ ነገር ደግሞ ልጠይቅሽ። የአደባባዩን ሰሌዳ ያወረዱት ሠራተኞች ሸራውን ጠቅልለው «የት እንጣለው?» አሉ። መጣል የሚለውን ቃል ስሰማ ወደ ቤቴ አምጡት አልኳቸው። አሁን ክፍሌ ውስጥ ነው። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ አይበቃውም፤ ጫፉ በበሩ ወደ ኮሪደሩ ይወጣል። ለመዘርጋት ቦታ የለኝም፤ ቦታ ቢኖረኝም አልዘረጋውም። ነፋስ በመስኮት ሲገባ ሸራው ይንቋቋል። ሰው ተኝቶ ሲገላበጥ ዓይነት ነው ድምፁ። መጀመሪያ እፈራው ነበር። አሁን ዝም ሲል ነው የምነሣው፤ አለች ወይ ብዬ።

ታውቂያለሽ፣ መጽሐፍ የማነበው ግምጃ ቤት ውስጥ በስጦታ ከሚመጡት ነው። ያስተማረኝ የለም፤ ከፊደል ወዲህ ያለውን ራሴ ነው የገፋሁት። ሰው የሚለግሰው የተቀደደውን ነውና ብዙዎቹ የመጨረሻ ገጻቸው የለም። ድሮ ያናድደኝ ነበር። አሁን የትኛውን እንደምመርጥ ታውቂያለሽ? መጨረሻው የተቀደደውን። እዚያ ውስጥ ሁሉም ገና ደኅና ናቸው።

ሸራውን ምን ላድርገው? ይቃጠል? ይቀበር? ቦታ ያዘብኝ ብዬ አይደለም። የአንቺ ስለሆነ ነው የምጠይቅሽ።

እትዬሽ

ሰኔ 2

እትዬ፣

ፖስታው አልዘገየም። ዝም ብዬ ነው።

ሸራውን እንዳታቃጥዪው። እንዳትቀብሪውም፤ አንዴ ተቀብራለች። ለብቻሽም ልታጥፊው አትሞክሪ። እንዲህ ያለ ትልቅ ጨርቅ አንድ ሰው ሊያጥፈው አይችልም፤ መሬት ለመሬት እየጎተትሽ ታቆሽሺዋለሽ እንጂ። ወዲያ ማዶ ጫፉን የሚይዝ ሰው ይፈልጋል። ሥራዬ ነው፣ አውቀዋለሁ። ነሐሴ ላይ ፈቃድ ጠይቄያለሁ። ይስጡኝ አይስጡኝ ገና አላወቅሁም። እስከዚያ ነፋስ እንዳያገኘው መስኮቱን ዝጊ።

የማታው ዳቦ መቅረቱን ሳነብ እህል አልወርድልሽ አለኝ። ዋጋ አለው ብለሽ ነግረሽኝ ነበር፤ ሰምቼሻለሁ፣ ግን አልሰማሁሽም ነበር። ከእንግዲህ ከደመወዜ በየወሩ የምልከውን ለሥራ አስኪያጃችሁ ስጪው። ከማን ነው ካለሽ ከእናቷ ነው በዪው። ለእንግዶቹ ግን አይንገርብኝ።

ወደ ድሮው ዳቦ ቤቴ ተመለስኩ። ሽማግሌው፣ «አኩርፈሽን ነበር?» አለኝ። ባንኮኒው ላይ ሣጥኑ ተቀይሯል። አንቺ ነሽ። የወሰዱት ሳቁ ያለፈበትን ነው። አርጅተሻል፣ እትዬ። እንዲህ ማርጀትሽን በስልክ ድምፅሽ አላወቅሁም ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ማንም ሳያየኝ ፊትሽን ወደ ግድግዳው አዞርኩት። በማግስቱ ስመጣ ተመልሷል። እንደገና አዞርኩት። እንደገና ተመልሷል። እንዲህ ስንባባል ከረምን፤ እኔና ሽማግሌው አንድም ቃል ሳንነጋገር። ባለፈው ሐሙስ ግን እጄ ሣጥኑ ላይ እንዳለ ያዘኝ። ሱቁ ውስጥ ሰው ነበር።

«ቆይ፣ አንቺ ነሽ ለካ!» አለኝ። «እኔ ደግሞ ተላላኪውን ልጅ ስቆጣ ነበር። ምን አደረገችሽ እቺ አሮጊት?»

ብዙ መልስ ነበረኝ። በዚህ አገር ቋንቋ የምለው ሁሉ ጠፋኝና የመጣልኝ አጭሩ ነው።

«ልጄን አሳደገችልኝ» አልኩት። «ልጄን ቀበረችልኝ።»

ሽማግሌው እጁን ከባንኮኒው ላይ አነሣ።   እኔ ዳቦዬን ያዝኩ፣ ሂሳቤን ከፈልኩ፣ ልወጣ ዞርኩ። ከዚያ ተመልሼ በራሴ እጅ ፊትሽን ወደ ሰው አዞርኩት።

ታናሽሽ